የጎረቤት ድርሻ

ፔድራ ሊዛ፣ ማርች 9 ቀን 1997

ለዶክተር ጃሲራ፣ ቤሌም

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የፀጉር አስተካካዩ የቫልዲር ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የኦኖፍሬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም። ከሁለት ጎዶሎ የወጣ ደብዳቤ ነውና እንደ ምንም ብለሽ አንብቢው።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ባልሽስ? የወንዙ አገር ሙቀትስ ለመደልሽ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከሬዲዮው ይሻላል።

«አንቺ» እያልኩ ሳስጽፍ ቫልዲር ብዕሩን አስቀመጠና «ኧረ ዶክተር እኮ ናት፣ ሴኡ ኦኖፍሬ! እኔ ለክብርዎ ‹ሴኡ› እንደምልዎት ‹እርስዎ› በሏት እንጂ» አለኝ።

«የዱር ድመት በማጅራቷ እንዴት እንደምትያዝ ያሳየኋት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ተነክሳ አልቅሳለች። ጻፍ!» አልኩት።

«ማልቀሷንም ልጻፈው?»

«እሱንም ጻፍ።» ይኸው ጻፈው።

መልሱ ስለዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ የመጣው ከካርኒቫል በፊት ነው። ቫልዲር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ሳምንታት አደረ። ሰበብ አላበዛም። አደረ፣ በቃ።

ስለ ሲንያ ለጠየቅሽኝ፦ አለች። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ጥርሷም አልቋል፤ ግን የዱር ድመት ናትና እርጅናዋን ለማንም አታሳይም። ጡረታ ካወጡኝ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወደ ማራቢያ ጣቢያው እወጣና ሽቦዋ ጋ እቆማለሁ። ትመጣና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ሰላምታዋ እሱ ነው።

የሰማሽውም እውነት ነው። በኦገስት ወር ውስጥ ስምንት ባለ ጋማ ወርቃማ ጦጣዎች ሊያመጡልን ነው። ሰባቱ በ1994 ከሞቱብን ወዲህ የጦጣው ቤት ባዶ ነው፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ጫካ ውስጥ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው እያልሽ ትነግሪን አልነበር? አሁንም ያው ነው ይላሉ። አዲሱ ኃላፊ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት በጣቢያው ያለ እንስሳ ሁሉ ደሙ ይወሰድ፣ ያኔ ጦጣዎቹን ከገደለው ተውሳክ ጋር የተገናኘው ካልተገናኘው ይለይ ብሏል። ደሙ ወዳንቺ እንደሚላክ ነግረውኛል። ሲንያን ማን ይይዛታል ብለሽ አትጨነቂ። በዚህ ዕድሜዋ ማደንዘዣ ይገድላታል። እኔ እይዛታለሁ።

ያኔ የእንስሳቱን ምግብ ታሰናዳ ስለነበረችው ስለ አበልጄ ስለ ኢልዛም ጠይቀሽኛል። ደህና ናት።

ቫልዲር ቀና ብሎ አየኝ። «ደህና ናት ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ኦኖፍሬ


ፔድራ ሊዛ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1997

ዶክተር ጃሲራ፣

አሁንም የቫልዲር እጅ ነው። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው፤ እሱ በደንበኛ ወንበር ላይ፣ እኔ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል።

እንኳን ደስ አለሽ፤ ወንድ ልጅ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስሙን ግን ቫልዲር ሦስት ጊዜ አንብቦልኝ አልያዝ አለኝ። እንግዲህ እግዜር ያሳድገው፣ ስሙን ከአደገ በኋላ እለምደዋለሁ።

ሲንያን ሳትደነዝዝ ነው የያዝኳት። ጓንት አድርግ አሉኝ፣ አላደረግኩም። ደም የምትወስደው ወጣት ሐኪም መርፌውን ይዛ አልጠጋም አለች። «አይዞሽ፣ የምትነክሰው እኔን ነው እንጂ አንቺን አይደለም» አልኳት። እንዳልኩትም ሆነ። ቁስሉ እየዳነ ነው። አንድ ብልቃጥ ሙሉ ተወስዷል። የሦስቱ ሌሎች የዱር ድመቶችም ተወስዷል፤ እነሱ በመረብ ነው የተያዙት፣ ነውራቸው ነው።

ኢልዛ እውነት ወደ ሥራዋ ልትመለስ ጠይቃ ነበር ወይ ላልሽኝ፦ አዎ። የማዕድ ቤት ሠራተኛ እንፈልጋለን ብለው ሲለጥፉ ሄደች። አሥራ ሰባት ዓመት ፓፓያና ሙዝ የከተፈችበት ቤት ነው። ኃላፊው ፋይሉን ገለጠና የ1994ቱን ወረቀት አነበበላት፤ «በማዕድ ቤቱ በር ላይ ከሠራተኛዋ እጅ የምትበላ ባለቤት የሌላት ድመት በሽታውን ወደ ጦጣዎቹ ምግብ ሳታደርሰው አልቀረችም» የሚለውን። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትሰማ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች ይላሉ። እኔ አልነበርኩም። እኔ ከነገሩኝ ሰዎች ነው የሰማሁት።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄሽ። በ1994 ሲንያ ከፍሪዘሩ ሥጋ በቀር የበላችው ነገር አለ ወይ ብለሻል። ጃሲራ፣ ይህን ያኔም ጠይቀሽኛል፣ ያኔም መልሼልሻለሁ። ሳምንት በረዶ ውስጥ ያልተኛ ሥጋ ለድመት አይሰጥም ብለሽ ግድግዳ ላይ የለጠፍሽውን ሕግ ማንበብ ባልችልም ሰምቼዋለሁ። አርባ አንድ ዓመት እንስሳ ያበላሁ ሰው ነኝ። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ ስድብ ይሆናል።

ደስ የሚል ነገርም ልንገርሽ። አዲሱን የጦጣ ቤት በእኔ ስም ሊጠሩት ነው። ስሜ በእንጨት ላይ ተቀርጾ አልቋል፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ አናጢው ጥሩ አድርጎ ነው የቆፈረው። ቫልዲር «በቁሙ ስሙ የተቀረጸለት ሰው፣ ቀሪው ነገር መተኛት ብቻ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። ምቀኛ ነው። ይህንንም ራሱ ነው የጻፈው።

ኦኖፍሬ


ቤሌም፣ ሜይ 18 ቀን 1997

ለተከበሩ ሴኡ ኦኖፍሬ፣

ይህን የምታነብላቸው አንተ ከሆንክ፣ ቫልዲር፣ እባክህ አንብብላቸውና እርሳው።

ንክሻው እንዴት ሆነ? ቁስሉ ካልደረቀ ለሐኪም ያሳዩ። «መነከስ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያሳዩ።

ውጤቱ ወጥቷል። የሦስቱ የዱር ድመቶች ደም ንጹሕ ነው። የሲንያ ደም ግን እንደ 1994ቱ ነው፤ ከተውሳኩ ጋር ተገናኝታለች። ደም «ተገናኝቻለሁ» ይላል እንጂ የት እንደሆነ አይናገርም ብዬ ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ። ግን ትንሽ ይናገራል። በ1994 ማርች ላይ ስንመረምራት ንጹሕ ነበረች። ጁላይ ላይ፣ ጦጣዎቹ ሲሞቱ፣ ደሟ የተውሳኩ ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። በዚያ መካከል ነው የገባባት። አራቱም ከአንድ ፍሪዘር ነው የሚበሉት። ሳምንት በበረዶ የተቀመጠ ሥጋ ውስጥ ያ ተውሳክ በሕይወት አይተርፍም። ታዲያ ለምን እሷ ብቻ?

ኢልዛ ታበላት የነበረችው የቢጫዋ ድመትም ደም ምልክት ነበረበት፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እሱን ነው። ያልጻፍኩት፣ ምልክቱ የቆየ መሆኑን ነው። ከረጅም ጊዜ በፊት የተገናኘች ድመት ብዙ ጊዜ በሽታውን በዓይነ ምድሯ መልሳ አትዘራውም። ይህን ያን ቀንም አውቀው ነበር።

የጠየቅኩዎት ልሰድብዎት አይደለም። ያኔ አንዴ ብቻ የጠየቅኩዎት ደግሞ አምኜዎት አልነበረም። ፈርቼዎት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ ካኮረፉ እንስሳ የሚይዝልኝ ሰው በጣቢያው አልነበረም። የጦጣዎቹን ሞት የሚያጣራው ኮሚቴ አንድ ምክንያት ይፈልግ ነበር፣ አንዲት ድመት ተገኘች፣ ፈረምኩ።

አሁን እንደ ሐኪም አይደለም የምጠይቅዎት።

ጃሲራ


ካምፖ ሴኮ፣ ጁን 8 ቀን 1997

ዶክተር ጃሲራ፣

ይህ እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እሱም የእኔን አልጠየቀኝም። በካምፖ ሴኮ አውቶቡስ ተራ ለመንገደኛ ቅጽ የሚሞላ መነጽራም ሰው ነው። ሁለት ሰዓት በአቧራ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ቫልዲር ያንቺን ደብዳቤ አንብቦ ሲጨርስ መቀሱን አነሳና ማንም ወንበሩ ላይ ሳይኖር ባዶውን ያንቀጫቅጨው ጀመር። ቀልድ አልመጣለትም። ሃያ ዓመት ሳውቀው ቀልድ ሲጠፋው ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ወደሱ አልመለስም።

በልታለች።

በ1994 ለጁኑ የዮሐንስ በዓል አሳማ አረድኩ። እዚህ ኖረሻልና ታውቂዋለሽ፤ አሳማ ያረደ ሰው ብቻውን አይበላም። ለየጎረቤቱ ድርሻው በሳህን ተሸፍኖ ይሄዳል። ሳይልኩ መቅረት ጠብ መፈለግ ነው። አንድ ዓመት ላንቺም የወገቡ ሥጋ ደርሶሻል፤ ጨው በዝቶበታል ብለሽኝ ነበር። በዚያም ዓመት ለቄሱ ላክሁ፣ ለቫልዲር ላክሁ፣ ለኢልዛ ጎድኑን ላክሁላት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከሰው ሁሉ አብልጬ የማየው ሲንያን ነው። አምስት ቀን ምንም አልቀመሰችም ነበር። የበረዶውን ሥጋ ታሸተውና ትታው ትሄዳለች። አንቺ መድኃኒት ሰጥተሻት ነበር፤ መድኃኒቱንም ተፋችው። እኔም አልኩ፦ ይቺ ጎረቤቴ አይደለችም? ድርሻ የላትም? ልቡንና ጉበቱን ገና ሙቀቱ ሳይወጣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ዳገቱን ወጣሁ።

በላች። ቅጠሉን ሳይቀር ላሰችው። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዶክተሮቹ ያቃታቸውን እኔ አደረግኩት አልኩ። ላንቺ ያልነገርኩሽም ስለፈራሁሽ አይደለም፤ «በመድኃኒቱ ዳነች» ስትዪ በሆዴ ልስቅብሽ ፈልጌ ነው። ደግሞም አልሽው። ሳቅሁም።

ሁለተኛ ነገር አለ። ሥርዓቱ ጦጣ በፊት፣ ድመት በኋላ ነበር። ጠዋት መጀመሪያ የጦጣዎቹ ቤት ይጠረጋል፤ ወደ ድመቶቹ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ሲንያ እንዴት አደረች እያልኩ ለሁለት ሳምንት ሙሉ መጀመሪያ ወደሷ ሄድኩ። ቆሻሻዋን ጠርጌ በዚያው ቦት ጫማ፣ በዚያው መጥረጊያ ወደ ጦጣዎቹ ገባሁ።

የቀረውን ታውቂያለሽ። ሰባቱም በአሥራ አንድ ቀን። የመጨረሻዋ እጄ ላይ ነው ያረፈችው፤ ጣቴን ይዛ ነበር። ምክንያቱን ግን ያን ጊዜም አላወቅኩም። አንቺ የሲንያን ውጤት ይዘሽ መጥተሽ «ጥሬ ሥጋ በልታ ይሆን?» ስትዪኝ ነው የገባኝ። እዚያው ቆሜ ገባኝ። «ከፍሪዘሩ በቀር ምንም» አልኩሽ። ሳላስበው ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ አጣሁለት።

እንግዲህ አወቅሽ። ወረቀቱን ለውጪው። የኢልዛን ድመት ከዚያ አውጪያት፣ «ከየት እንደመጣ አልታወቀም» በዪ። የእኔን ስም ግን አታንሺ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ያለኝ ስሜ ነው።

ሰውየው መጻፉን አቁሞ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ልጨምርልዎት?» አለኝ።

«ምን?»

«ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም እኮ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያስገባዋል።»

«አንተ ቅጽህን ሙላ» አልኩት።

ኦኖፍሬ


ቤሌም፣ ጁን 23 ቀን 1997

ሴኡ ኦኖፍሬ፣

ይህን የሚያነብልዎት ማን እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ የነገሩኝን እዚህ አልደግመውም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ልጄ ጡት ይዞ እያለ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሳቁብኝን ቀን አስታወስኩት፤ እኔም ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር።

«አልታወቀም» ብዬ መጻፍ አልችልም። ያኔ የተጠራጠርኩትን እንደማውቀው አድርጌ ፈረምኩ፤ አሁን ደግሞ የማውቀውን አላውቅም ብዬ ልፈርም? እንዲያ ያለ ወረቀትም ኢልዛን አያወጣትም። ሰዉ «ያው በማዕድ ቤቱ በር ነው የገባው» ይላል፤ ኃላፊውም እንደዚያው።

በእኔ በኩል ያለውን አድርጌያለሁ። ጥርጣሬዬን ደብቄ እንደፈረምኩ ለጣቢያው በደብዳቤ አሳውቄያለሁ። ሥራዬ ላይ የሚያመጣውን ያምጣ። የቀረውን ግን እኔ ልመሰክር አልችልም፤ አላየሁምና። ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ኢልዛ ከኃላፊው አፍ ከመስማቷ በፊት ከእርስዎ መስማት አለባት። ልጽፍላት ጀምሬ ነበር። ቀደድኩት። የእኔ ወሬ አይደለም።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ በወረቀት አላሰፍረውም። የትኛው እንደሆነ ያውቁታል።

እንስሳቱ ኦገስት 5 ይደርሳሉ።

ጃሲራ


ፔድራ ሊዛ፣ ጁላይ 13 ቀን 1997

ዶክተር ጃሲራ፣

ይህን ብዕር የያዘችው ኢልዛ ናት። አዎ፣ እሷው ናት። ሌላ ኢልዛ አላውቅም።

ሁለት ቅጂ ነው የምትጽፈው፤ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለኃላፊው። እሱ ሁሉንም ያንብበው፤ የሚደበቅ መስመር የለም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ወደ ቫልዲር አልሄድኩም፣ ወደ ካምፖ ሴኮም አልሄድኩም። ፖስታውን ሳልከፍተው ኢልዛ ቤት ይዤው ሄድኩ። ከሦስት ዓመት ወዲህ በሯን ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«እንደምን ዋሉ አበልጄ፤ ዛሬ ከየት ተገኙ?» አለችኝ።

«ደብዳቤ መጥቶ የሚያነብልኝ አጣሁ።»

«ቫልዲር ታወረ እንዴ?»

«ባንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ኢልዛ ከእርስዎ መስማት አለባት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችና «ምንድን ነው የምሰማው?» አለችኝ።

ያሰብኩት ሌላ ንግግር ነበር። ከመንገድ ላይ ጀምሬ ስደረድረው የመጣሁት ነበረኝ። ጠፋኝ። «አሳማው ነው» አልኳት፣ «የዮሐንስ ዕለት ያረድኩት፤ ላንቺ ጎድኑን የላክሁልሽ።» ከዚያ በኋላ ቀለለኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ያቺን ድመት ማብላቴ ነው ሰባቱን የገደላቸው ብዬ ለቄሱ ተናዝዣለሁ። ሰባት ነፍስ ብዬ። ቄሱ ጦጣ አይቆጠርም፣ ሂጂ አሉኝ። እኔ ግን ቆጥሬአለሁ፤ ሦስት ዓመት ቆጥሬአለሁ። አንተ ደግሞ እዚያ ማዶ ሆነህ እኔ ስቆጥር ታየኝ ነበር።»

አንቱታዬን እዚያው ላይ ወሰደችው። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት «አንተ» አለችኝ። ይገባኛል። «አበልጄ» ልላት ስል ደግሞ «ተወው እሱን» አለችና በሩን ከፈተችልኝ። ልብሱን ማስጣት ቀጠለች። እኔም ወጣሁ።

አራት ቀን ቆይታ ላከችብኝ። ወረቀት ይዞ ይምጣ ብላ። ለምን አንቺ ራስሽ ትጽፊዋለሽ፣ ቫልዲር አለ አይደለም አልኳት። «ሌላ ሰው ከጻፈው ታለሳልሰዋለህ» አለችኝ። እና ይኸው ተቀምጠናል።

እኔ ኦኖፍሬ በጁን 1994 በረዶ ያልነካውን ያሳማ ልብና ጉበት ለሲንያ አበላሁ። ጦጣ በፊት፣ ድመት በኋላ የሚለውንም ሥርዓት ገለበጥኩ። ተውሳኩ ወደ ጦጣዎቹ የገባው በእኔ ጫማ ነው። ስጠየቅ ዋሸሁ። ኢልዛ የከተፈችው ፍሬ ንጹሕ ነበር፣ ያበላቻት ድመትም ምንም አላደረገችም።

እዚህ ላይ ጨርሻለሁ አልኩ። ኢልዛ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። «አንድ ይቀራል» አለችኝ።

«ምን ይቀራል?»

«ዶክተሯ በወረቀት አልጽፈውም ያለችው።»

  ብዕሩን ወደ አዲስ መስመር አወረደች።

እሺ። ጃሲራ፣ ስለ ቢጫዋ ድመት ለኮሚቴው የነገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ሰዎቹ በሲንያ ሽቦ ፊት ቆመው ሲነጋገሩ ፈራሁና «የማዕድ ቤቱን በር እዩ፤ እዚያ የምትመጣ ድመት አለች» አልኩ። ሲወስዷትም ይዤ ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲይዛት አትፈቅድም ነበርና በእኔ እጅ ዝም ብላ ሄደች። ለምርመራ ብለው ገደሏት።

«ታውቂው ነበር?» አልኳት ኢልዛን።

«አንተ ስትይዛት በመስኮት አይቼሃለሁ። ሌላ ማን ይነግራቸዋል አልኩ። ከዚያ በአበልጄ ላይ እንዴት እንዲህ አስባለሁ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። እሱንም ተናዝዣለሁ።»

ይህን ስትጽፍ አንድ ቃል አልሰረዘችም። አይቻለሁ።

ልጇ ኔይዴ የእኔ የክርስትና ልጅ ናት። ሁልጊዜ እሑድ «ይባርኩኝ አባባ» ብላ በሬ ላይ ትቆም ነበር። እናቷ ሥራ ስታጣ ወደ ከተማ ልብስ ስፌት ሄደች፤ ሦስት ዓመት ማንም ባርከኝ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ያስገባሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ኢልዛ «ለመታዘን ነው፣ ላውጣው?» ብላኛለች። «ተዪው» አልኳት፤ «የሆነ ነገር ነው።» ተወችው።

ኃላፊው ስሜን ከጦጣው ቤት ያውርደው። እንጨቱ ጥሩ እንጨት ነው፣ ገልብጠው ይጠቀሙበት። ኢልዛን ደግሞ ወደ ማዕድ ቤቷ ይጥራት። ትሄድ እንደሆን ጠይቄያታለሁ። «ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ያንተ እግር በዚያ በኩል ካለፈ ግን በመጥረጊያ ነው የምሸኝህ» ብላኛለች። ከሽቦው ውጭ መቆም እችል እንደሆነም ጠይቄያታለሁ። እሱን አልመለሰችልኝም።

አሁን ደግሞ «ይቅር እንዳላልኩህ ይጻፍ» አለችኝ።

«የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

«አንተ ተናገረውና እጽፈዋለሁ።»

ኢልዛ ይቅር አላለችኝም። እኔም የመነጽራሙ ሰውዬ ምክር ዘግይቶ ገባኝ፤ ይኸው ይግባ፦ በድያታለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ መልሷን ግን አልጠብቅም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። አዲስ ወረቀት ስትጽፉ በሲንያ ላይ ጥፋት አትጻፉባት። እሷ የተላከላትን ድርሻ ነው የበላችው።

ጨረስኩ። ኢልዛ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ስሜ ያለበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ።